ኩዊንን ከየቱ ልጀምር?

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። «አጎቴ፣ ኩዊንን መስማት ፈልጌ ነበር። ግን ዘፈኑ በዛብኝ። ከየቱ ልጀምር?» አለች። «ቆይ ጽፌ እልክልሻለሁ» አልኳት። ልጽፍላት ቁጭ ስል ግን ነገሩ በሁለት መስመር ቴክስት የሚያልቅ አልሆነም። ይኸው እናንተም አንብቡት።

ችግሩ የዚህ የእንግሊዝ ሮክ ባንድ አልበም ብዛት ብቻ አይደለም። 15 የስቱዲዮ አልበም ብዙ ነው፣ እሺ። ዋናው ነገር ግን ኩዊን አንድ ዓይነት ድምፅ የለውም። ብዙ ባንድ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይጽፋል፣ ሌላው ይጫወታል። እዚህ ግን አራቱም ይጽፋሉ። ፍሬዲ መርኩሪ ፒያኖ ላይ ቁጭ ብሎ ኦፔራ የሚመስል ነገር ያመጣል። ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ አንድ ቀን ጆሮ የሚሰነጥቅ ሮክ፣ በማግስቱ ለስለስ ያለ የትዝታ ዘፈን ይጽፋል። ድራመሩ ሮጀር ቴይለር ስለ መኪናና ስለ ሬዲዮ ይጽፋል። ዝምተኛው ቤዚስት ጆን ዲከን ደግሞ ሳይታሰብ ሰው የሚያስጨፍረውን ይዞ ብቅ ይላል። በማይሆናችሁ በር ከገባችሁ «አይ፣ ይሄ ለእኔ አይሆንም» ብላችሁ ትወጣላችሁ። የምትወዱት ዘፈን ግን ከጎን ባለው ክፍል ነበር።

ለማያውቃቸው ባጭሩ፦ ባንዱ የተመሠረተው በ1970 ለንደን ውስጥ ነው። ብራያንና ሮጀር ስማይል በሚባል ባንድ አብረው ይጫወቱ ነበር። ዘፋኛቸው ሲለቅ ፍሬዲ ገባ። ዲከን በ1971 ተቀላቀለ። ከዚያ በኋላ ፍሬዲ በ1991 እስኪሞት ድረስ አራቱ አልተለያዩም። ሃያ ዓመት አንድም ሰው ያልቀየረ የሮክ ባንድ ብርቅ ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ የእኛን ስጠቅስ እነግራችኋለሁ።

ሁሉም የሚጀምርበት

«ግሬተስት ሂትስ» በ1981 የወጣ ስብስብ ነው። ብሪታኒያ ውስጥ በታሪክ ከዚህ በላይ የተሸጠ አልበም የለም፤ እዚያው ብቻ ከ7 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሄዷል። 17 ዘፈን አለው፣ ሁሉም ታዋቂ። መኪና ውስጥ ለመስማት፣ ቤት እያጸዱ ለመስማት፣ እንግዳ ሲመጣ ከፍቶ ለመተው የሚመች ነው።

ለመጀመሪያ ግን አልመክረውም። ከወጥ ውስጥ ሥጋውን ብቻ እየለቀሙ እንደመብላት ነው። ትጠግባላችሁ፣ የወጡን ጣዕም ግን አታውቁትም። ደግሞም በ1981 ያበቃል። ከዚያ በኋላ የመጡት ዘፈኖች ሁለተኛው ስብስብ ላይ ናቸው፤ እሱ የወጣው በ1991 ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚገባበት በር በ2018 የወጣው «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» የሚለው ፊልም ነው። ራሚ ማሌክ ፍሬዲን ሆኖ ተጫውቶ ኦስካር ወስዶበታል፣ ይገባዋልም። ለአንድ ቅዳሜ ማታ ጥሩ ነው። እንደ ታሪክ ግን አትመኑት። ፊልሙ ባንዱ ተበትኖ ለላይቭ ኤይድ ኮንሰርት እንደታረቀ ያሳያል። እንዲያውም ከኮንሰርቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ጃፓን ውስጥ አብረው እየተጫወቱ ነበር። ፍሬዲ መታመሙን ለጓደኞቹ የነገራቸውም ከላይቭ ኤይድ በፊት አልነበረም። ከፊልሙና ከእውነተኛው የኮንሰርቱ ቪዲዮ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ለአፍታ አላመነታም፤ እውነተኛውን ነው የምመርጠው።

21 ደቂቃ

የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ቀን፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977፣ በእኛ አቆጣጠር። በእነሱ ጁላይ 13 ቀን 1985። ቦታው ለንደን፣ ዌምብሊ ስታዲየም። ወደ 72 ሺህ ሰው ተሰብስቧል።

የ77ቱን ድርቅ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የቢቢሲው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት ዘገባ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ለዓለም ታየ። የአየርላንዱ ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ያንን አይቶ ነው የተነሳው። ኮንሰርቱ የተዘጋጀው በእኛ ሰው ረሃብ ምክንያት ነው። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ይህንን ቪዲዮ ሲያይ ሌላው አገር ያለው አድማጭ እንደሚያየው አያየውም።

እኔ ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ በዩቲዩብ ነው። እናቴ ወሎ ናት። አጠገቤ ቁጭ ብላ ቡና እየቆላች ነበር። ካሜራው ሕዝቡን ከላይ ሲያሳይ መቁላቷን ትታ ቀና አለች። «ይሄ ሁሉ ሰው ለእኛ ነው የተሰበሰበው?» አለችኝ። «አዎ እማዬ» አልኳት። ዝም ብላ አየች። ቡናው ማረር ጀመረ። ቆይታ «ልጁ ድምፁ ያምራል። የየት አገር ሰው ነው?» አለች። እንግሊዛዊ ቢሆንም የተወለደው ዛንዚባር እንደሆነ ነገርኳት። «እንግዲያስ ሩቅ አይደለማ» አለችና ወደ ብረት ምጣዷ ተመለሰች።

እውነቷን ነው። ፍሬዲ ሲወለድ ስሙ ፋሮክ ቡልሳራ ነበር። በ1946 ዛንዚባር ከሕንድ ፓርሲ ቤተሰብ ተወለደ፣ ሕንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተማረ፣ በ1964 የዛንዚባር አብዮት ጊዜ ቤተሰቡ ሸሽቶ እንግሊዝ ገባ። የስደተኛ ልጅ ነው።

አሁን ኩዊን የተጫወተበትን የ21 ደቂቃ ቪዲዮ ክፈቱ። ፍሬዲ ነጭ ካናቴራና ጂንስ ለብሶ እየሮጠ ይወጣል። ፒያኖው ላይ የወረቀት ኩባያዎች ተደርድረዋል። ቁጭ ብሎ የሚያውቁትን ዘፈን ይጀምራል፣ መሐሉ ላይ ይተወዋል። ቀጥሎ የሮጀር የሬዲዮ ዘፈን ይመጣል። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ያ ሁሉ ሕዝብ እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ እኩል ያጨበጭባል። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ ስለዚህ እጆቹ በሙሉ ይታያሉ።

ከዚያ የምወደው ቦታ ይመጣል። ሙዚቃው ይቆማል። ፍሬዲ ብቻውን «ኤ-ኦ» ይላል። ሕዝቡ ይቀበላል። ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ ይቀበላሉ። ያጣምመዋል፣ ይቀበላሉ። አንዷን ድምፅ ጎትቶ ጎትቶ ይይዛታል፣ እነሱም ይይዟታል። ሠርግ ቤት አውጪና ተቀባይ አይታችሁ ካደጋችሁ ማንም ሊያስረዳችሁ አይገባም። ጎበዝ አውጪ ተቀባዩን ያውቃል፤ የማይችለውን አይሰጠውም፣ የሚችለውን ግን እስከ ጫፉ ይወስደዋል። ያ ሰው ያደረገው ይህንን ነው፣ በአንድ ጊዜ ለ72 ሺህ ሰው።

አጋጣሚ እንዳይመስላችሁ። ለዚያች 21 ደቂቃ ለንደን ውስጥ አንድ ቲያትር ቤት ገብተው ተለማምደዋል። አዲስ ዘፈን ለማስተዋወቅ አልሞከሩም። ሰው የሚያውቀውን እየቆረጡ ቀጣጠሉት።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከዚህ ቀን ዘጠኝ ወር በፊት፣ በ1984፣ ይኸው ባንድ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሰን ሲቲ ውስጥ ተጫውቷል። አፓርታይድ ሳለ። የተባበሩት መንግሥታት የጥቁር መዝገቡ ላይ አሰፈራቸው፣ የአገራቸው የሙዚቀኞች ማኅበርም ቀጣቸው። እነሱ ፖለቲካ ውስጥ አንገባም ብለው ተከራከሩ። እኔ ጥፋት ነበር ባይ ነኝ። በዚያ ጊዜ እዚያ መጫወት ዝም ብሎ ሙዚቃ መጫወት አልነበረም። የላይቭ ኤይዱን ቀን ስወደው ይህንንም አብሬ እይዘዋለሁ።

ይህ በር የሚሆነው ለማን ነው? ሙዚቃን በዓይኑም ለሚሰማ ሰው። ኮንሰርት ለሚወድ። ስለ ባንዱ ምንም ለማያውቅ። በሽፋን የታሸገ ነገር ለሚሰለቸው። ቪዲዮ ስለሆነ የዳታ ፓኬጅ ይበላል፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ብታዩት ይሻላል።

ኢርፎን ካላችሁ

ሙዚቃን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የምትሰሙ ከሆነ ግን ላይቭ ኤይድን ለነገ አቆዩት። የእናንተ በር «ኤ ናይት አት ዚ ኦፔራ» ነው፣ 1975። 43 ደቂቃ ገደማ ነው። ማታ፣ ሰው ሲተኛ፣ በኢርፎን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

ሁሉም የሚያውቀው «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» እዚህ ውስጥ ነው፣ ከመጨረሻው አንድ ቀደም ብሎ። 5 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ይፈጃል። ለሬዲዮ ረጅም ነው፣ ማንም አያጫውተውም ተብሎ ነበር። ብሪታኒያ ውስጥ 9 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ፍሬዲ ሲሞት እንደገና አንደኛ ወጣ።

መሐል ላይ ያለችውን የኦፔራ ክፍል ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙ። ትልቅ የመዘምራን ጓድ ይመስላል። ሦስት ሰው ነው። ሮጀር ላዩን፣ ፍሬዲ መሐሉን፣ ብራያን ታቹን ይይዛሉ። ይቀዳሉ፣ እላዩ ላይ እንደገና ይቀዳሉ፣ ደግሞ እላዩ ላይ። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተር የለም፣ ያለው 24 ትራክ ያለው ቴፕ ነው። ቴፑ ደጋግሞ ከመዞሩ የተነሳ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፍ እንደነበር ብራያን ሲናገር ይሰማል። በመሐል «ቢስሚላህ» የሚል ቃል ትሰማላችሁ። ጆሯችሁ አልተሳሳተም፣ እሱኑ ነው የሚሉት።

እኔን ግን ይህን አልበም ደጋግሞ ያስከፈተኝ ሌላ ዘፈን ነው። ብራያን የጻፈው «'39» የሚባል። ጊታሩ ቀለል ያለ፣ የመንገደኛ ዜማ ያለው። ሰዎች አዲስ ምድር ፍለጋ በጠፈር መርከብ ይሄዳሉ። ለእነሱ አንድ ዓመት ነው። ሲመለሱ ግን ምድር ላይ መቶ ዓመት አልፏል። የሚወዳት ሴት የለችም። ዓይኗን በዘሯ ፊት ላይ ያየዋል። ከአገሩ ወጥቶ ብዙ ዓመት የቆየ፣ ተመልሶም ሰፈሩ የጠፋበት ሰው ይህ ዘፈን እንዴት እንደሚገባው አስቡት። ዲሲ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ ስሰጠው ለሁለት ቀን መልስ አልጻፈልኝም። በሦስተኛው ቀን «ደግሜ ደግሜ ሰማሁት» አለ።

ብራያን ይህንን ሲጽፍ የሚያውቀውን ነው የጻፈው። የፊዚክስ ሰው ነው። የዶክትሬት ትምህርቱን ለባንዱ ሲል አቋርጦ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ተመለሰና በ2007 ጨረሰው፤ ጥናቱ በጠፈር ስላለ አቧራ ነው።

ጊታሩም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ልጅ ሳለ የሚፈልገውን ጊታር ለመግዛት አቅም አልነበራቸውም። በ1963 ከአባቱ ጋር መሥራት ጀመሩ። አንገቱ ከአሮጌ ቤት የእሳት ምድጃ የተነቀለ እንጨት ነው። ክሩን የሚያረግበው ክፍል የሞተር ሳይክል ሞላ አለበት። አንገቱ ላይ ያሉት ነጫጭ ነጥቦች ከእናቱ የስፌት ሳጥን የወጡ ቁልፎች ናቸው። የሚጫወተው ደግሞ በሳንቲም ነው፣ በድሮው ስድስት ፔንስ። ይህንን አልበም ስትሰሙ ቫዮሊን ወይም ጥሩምባ የመሰላችሁ ብዙው ነገር ያ ጊታር ነው።

ደካማ ጎን የለውም አልልም። አጫጭር፣ የድሮ ቲያትር ቤት የሚመስሉ ዘፈኖች አሉበት፤ መጀመሪያ ስሰማቸው ዘልያቸው ነበር። እናንተም ብትዘሉ አይፈረድባችሁም። ግን አንድ ቀን ተመለሱባቸው።

የእህቴ ልጅ መዘምራን ውስጥ ናት፣ ድምፅ ከድምፅ ሲገጥም ደስ ይላታል። ለእሷ የመረጥኩት ይህንን ነው።

እግራችሁ ዝም የማይል ከሆነ

ጂም የሚሄድ፣ የሚሮጥ፣ ኳስ የሚወድ ሰው በሁለቱ መሐል ይምረጥ፦ «ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ» 1977 ወይስ «ዘ ጌም» 1980።

የመጀመሪያው በ«ዊ ዊል ሮክ ዩ» ይከፈታል። ሁለት ጊዜ እግር፣ አንድ ጊዜ ጭብጨባ። ስታዲየም የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ድራም የለበትም። ለንደን ውስጥ ቀድሞ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በነበረ ስቱዲዮ ጣውላ አንጥፈው በእግራቸው እየረገጡ ነው የቀዱት። ብራያን እዚህም ፊዚክሱን አስገባ፦ ድምፁ ከተለያየ ርቀት የሚመጣ እንዲመስል አዘገያየው፣ ጥቂት ሰው ብዙ ሕዝብ ሆነ። ሐሳቡ የመጣለትም ከሕዝብ ነው። አንድ ማታ ኮንሰርቱ ካለቀ በኋላ ታዳሚው አልሄድም ብሎ ራሱ ሲዘፍንላቸው ሰማ። ታዲያ ሕዝብ ተጨናንቆ ቆሞ ምን ማድረግ ይችላል? መርገጥ፣ ማጨብጨብ፣ መዝፈን። በቃ፣ ዘፈኑ ይኸው ነው።

«ዘ ጌም» የዲከን አልበም ነው እላለሁ፣ ስሙ ላይ ባይጻፍም። «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት» የሱ ነው። ቤዙ ብቻውን ይራመዳል፣ ሌላው ሁሉ ይከተለዋል። አሜሪካ አንደኛ ወጣ። በፊት አልበሞቻቸው ላይ «ሲንተሳይዘር አልተጠቀምንም» ብለው በኩራት ይጽፉ ነበር፤ ከዚህ አልበም ጀምሮ ግን ይህንን የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ተጠቀሙ። የጥንት አድናቂዎች አዘኑ። እኔ ምንም አልጎደለብኝም።

ሮክን ለመልመድ ለሚቸገር፣ በዳንስ ሙዚቃ ላደገ ሰው «ዘ ጌም» ይቀለዋል። ጉልበት ለሚፈልግ የ1977ቱ ይሻላል።

ከባድ ሮክ ለሚወድ ደግሞ «ኩዊን ቱ»፣ 1974። የሸክላው ገጾች ሀ እና ለ አይባሉም፣ ነጭና ጥቁር ናቸው። ጥቁሩ በሙሉ የፍሬዲ ነው። ከባድ ነው፣ ለጀማሪ አይሆንም፤ ሮክ ለለመደ ጆሮ ግን ድግስ ነው። «ሆት ስፔስ»ን፣ 1982፣ መጀመሪያ አትንኩት። ከዴቪድ ቦዊ ጋር የዘፈኑትን ብቻ አውጥታችሁ ስሙ።

መጨረሻ የሚሰማው

«ኢኑዌንዶ» በ1991 መጀመሪያ ላይ ወጣ። ፍሬዲ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 24 አረፈ፣ ኤድስ እንዳለበት ለሕዝብ ባሳወቀ ማግስት። ብዙ ሰው ከዚህ ጀምሩ ይላል፣ ምክንያቱም ምርጥ ከሚባሉት ነው። እኔ አይደለም የምለው ለዚሁ ነው። ሰውየውን ሳታውቁት ለቅሶ ቤት መሄድ ይሆንባችኋል። መጀመሪያ ሲስቅ፣ ሲሮጥ፣ ሲቀልድ እዩት። ከዚያ ይህንን ስሙ።

የመጨረሻው ዘፈን «ዘ ሾው መስት ጎ ኦን» ነው። ብራያን ሲጽፈው ከፍታው ስለከበደ ፍሬዲ በዚያ ድካሙ ይችለው ይሆን ብሎ ፈርቶ ነበር። ፍሬዲ ቮድካውን ተጎንጭቶ ገባና ዘፈነው። ስትሰሙት የታመመ ሰው ድምፅ አይመስላችሁም። ለሮጀር ዘፈን፣ ለ«ዚዝ አር ዘ ዴይስ ኦፍ አወር ላይቭስ»፣ የተቀረጸውን ጥቁርና ነጭ ቪዲዮ ግን ስታዩ ይገባችኋል። ከስቷል፣ ልብሱ ሰፍቶታል። እንደ ድሮው አይሮጥም፣ ባለበት ቆሞ ነው የሚዘፍነው። መጨረሻ ላይ ካሜራውን ቀጥ ብሎ ያያል።

ከእሱ ሞት በኋላ በ1995 የወጣው «ሜድ ኢን ሄቨን» ደግሞ አለ። ከዚህ አልበም «መዘር ላቭ» የሚለውን ለይታችሁ ስሙ። ስዊዘርላንድ ሞንትሮ ውስጥ ነው የተቀዳው፣ ሜይ 1991። ፍሬዲ ጊዜ እንደሌለው ያውቅ ነበር። ብራያን ስንኙን በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ይሰጠዋል፣ እሱ ወዲያው ይዘፍናታል፣ ሌላ ስጠኝ ይላል። አንድ ስንኝ ብቻ ሲቀር ደከመው። ልረፍና ተመልሼ እጨርሰዋለሁ ብሎ ወጣ። አልተመለሰም። ያቺን የመጨረሻዋን ስንኝ የሚዘፍነው ብራያን ነው፤ ድምፁ ሲቀየር ትሰሙታላችሁ።